መብራቱ ማን ቤት ደረሰ? የጋዝና የኤሌክትሪክ ብርሃን ጉዞ ሲዳሰስ

በደቡብ እንግሊዝ የምትገኘው ትንሿ የጎዳልሚንግ ከተማ በ1881 ማንም ከተማ ያልሞከረውን ሞከረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መንገዷን በጋዝ ከሚያበራላት ኩባንያ ጋር በዋጋ ስላልተስማማች ውሉን ተወችው። በዌይ ወንዝ ዳር በነበረ የቆዳ ፋብሪካ በውሃ መዘውር የሚዞር የሲመንስ ጄኔሬተር ተተከለ፤ መንገዶቿም በኤሌክትሪክ በሩ። ከፍሎ ወደ ቤቱ ማስገባት ለፈለገ ነዋሪም ተፈቀደ። መንገድ ቆፍሮ ገመድ ለመቅበር የሚያስችል ሕግ ስላልነበረ ገመዱ በጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ ተዘረጋ። ወንዙ ሲሞላ መዘውሩ አስቸገረ፤ የቤት ደንበኞች ቁጥርም ወጪውን የሚሸፍን አልሆነም። በ1884 ከተማዋ ወደ ጋዝ ተመለሰች። ኤሌክትሪክ ዳግመኛ የገባላት በ1904 ነው።

የመብራት ታሪክ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰው የፈልሳፊ ስም ነው፤ ኤዲሰን፣ ስዋን፣ መርዶክ። ጎዳልሚንግ ግን አምፖልም፣ ጄኔሬተርም፣ ወንዝም ነበራት። ያጣችው ገመዱን በአግባቡ የምትዘረጋበትን መብትና ወጪውን የሚችል የደንበኛ ብዛት ነበር። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ብርሃን በየአገሩ የተስፋፋበትን መንገድ የሚመረምር ሰው ይኸው ጉዳይ ደጋግሞ ይገጥመዋል። መብራት መፈልሰፍ አንድ ሥራ ነው፤ መብራቱን ከየቤቱ ማድረስ ደግሞ ከዚያ የሚከብድና የሚረዝም ሌላ ሥራ።

ቱቦ ከመዘርጋቱ በፊት

በ1667፣ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን፣ የፓሪስ የፖሊስ ሹም የነበረው ኒኮላ ደ ላ ሬኒ ሻማ የያዙ የመስታወት ፋኖሶች በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ በገመድ እንዲንጠለጠሉ አደረገ። ዋና ዓላማው ጸጥታ ማስከበር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በአምስተርዳም ሠዓሊው ያን ፋን ደር ሃይደን በዘይት የሚነድ የመንገድ ፋኖስ ነድፎ ከተማዋን በዕቅድ አበራ። ያም ሆኖ ብርሃኑ ደካማ ነበር። በለንደን የሚያመሽ ሰው ችቦ ይዞ ከፊቱ የሚሄድለት ልጅ በሳንቲም ይቀጥር ነበር።

የቤት ውስጥ ብርሃን ደግሞ እጅግ ውድ ነበር። ድሃው የሚያጨስና የሚሸት የሞራ ሻማ ያበራል፤ የሰም ሻማ የቤተ መንግሥት፣ የቤተ ክርስቲያንና የባለጸጋ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊልያም ኖርድሃውስ የብርሃንን ዋጋ በገንዘብ ከመለካት ይልቅ ለመግዛት በሚጠይቀው የሥራ ጊዜ ለክቶታል። የመለኪያው መጠን 1,000 ሉመን ሰዓት ነው፤ አንድ ደማቅ አምፖል በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሚሰጠው ብርሃን ጋር ይቀራረባል። በእርሱ ስሌት፣ በ1800 አንድ ሠራተኛ ይህን ያህል ብርሃን ከሻማ ለማግኘት ከአምስት ሰዓት በላይ መሥራት ነበረበት። በ1992 ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ሥራ ይበቃው ነበር። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ታሪክ ስፋት ነው።

የድንጋይ ከሰል ጋዝ

ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊልያም መርዶክ በ1792 በኮርንዎል፣ ሬድሩዝ በምትባል ከተማ፣ መኖሪያ ቤቱን ከድንጋይ ከሰል በወጣ ጋዝ አበራ። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ፊሊፕ ለቦን ከእንጨት በሚወጣ ጋዝ የሚሠራ መብራት ፈልስፎ በ1801 ለፓሪስ ሕዝብ አሳይቷል። መርዶክ የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ኩባንያ ባልደረባ ስለነበር ሥራው ቶሎ ወደ ፋብሪካ ገባ። በ1805 በማንቸስተር አጠገብ፣ ሳልፎርድ በነበረው የፊሊፕስና ሊ የጥጥ ፋብሪካ የጋዝ መብራት መተከል ጀመረ። ባለፋብሪካዎቹን የሳበው የሥራ ሰዓት ነበር፤ ፀሐይ ቶሎ በምትጠልቅበት ወራት ማሽኑም ሠራተኛውም እስከ ምሽት ሊሠሩ ቻሉ። አዲሱ ብርሃን ለሠራተኛው በመጀመሪያ የመጣለት የሥራ ቀንን በማርዘም ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የድንጋይ ከሰል አየር በማያስገባ የብረት ምድጃ ውስጥ ይጋላል። የሚወጣው ጋዝ ሲቀዘቅዝ ሬንጅ መሳዩን ቅጥራን ያራግፋል፤ በኖራ ውስጥ ሲያልፍ መጥፎ ሽታ የሚሰጠው ሰልፈር ይቀንስለታል። ከዚያ በውሃ ላይ በተደፋ ትልቅ የብረት ጋን ሥር ይጠራቀማል፤ የጋኑ ክብደት ጋዙን ገፍቶ በቱቦ ወደ ከተማው ይልከዋል። የከሰሉ ቅሪት ኮክ ተብሎ ለማገዶ ይሸጣል። እንደ ቆሻሻ ይቆጠር የነበረው ቅጥራን እንኳ ዋጋ አገኘ፤ በ1856 ወጣቱ እንግሊዛዊ ዊልያም ፐርኪን ከቅጥራን በተገኘ ንጥረ ነገር ሲመራመር የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ የቀለም ኢንዱስትሪም ከዚያ ተነሣ።

እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ጋዝ ያመርት ነበር። ጋዝ በአንድ ቦታ ተመርቶ እንደ ውሃ በቱቦ ለከተማ ሁሉ ይከፋፈል የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ የገፋው በለንደን የኖረው ጀርመናዊ ፍሬድሪክ አልበርት ዊንሶር ነው። በጁን 1807፣ በንጉሡ ልደት ዕለት፣ ፓል ሞል የተባለውን ጎዳና በጋዝ አበራ። ከብዙ ሙግት በኋላ በ1812 ለንደን የመጀመሪያውን የከተማ ጋዝ ኩባንያ በንጉሣዊ ቻርተር አቋቋመች፤ ቻርተሩ መንገድ ቆፍሮ ቱቦ የመቅበር መብት ይሰጠው ነበር። በ1813 የመጨረሻ ቀን ምሽት የዌስትሚንስተር ድልድይ በጋዝ በራ። የዊንሶር የኬሚስትሪ እውቀት ደካማ ቢሆንም፣ መብራት የከተማ አገልግሎት እንዲሆን ያደረገው የእርሱ ሐሳብ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የአሜሪካዋ ባልቲሞር የሠዓሊው ሬምብራንት ፒል ሙዚየም በጋዝ ሲበራ አይታ በ1816 የጋዝ ኩባንያ አቋቋመች፤ በሚቀጥለው ዓመትም የመጀመሪያውን የመንገድ መብራት ለኮሰች። በርሊን በ1826፣ ዮኮሃማ በ1872 ተከተሉ። ካይሮም በከዲቭ እስማኤል ዘመን፣ በ1860ዎቹ፣ የጋዝ መብራት አስገባች። ከተሞች ማምሸት ለመዱ። ሱቅ ዘግይቶ ይዘጋል፤ ረጅም ዘንግ የያዘው ፋኖስ ለኳሽ ከምሰሶ ምሰሶ ሲዞር ማየት የየምሽቱ ልማድ ሆነ።

ቤት ውስጥ ያስቸገረ እንግዳ

ጋዝ ከመንገድ ወደ ቤት ሲገባ ያለ ችግር አልገባም። ግልጽ ነበልባሉ የክፍሉን አየር ይጨርሳል፣ ሙቀት ይፈጥራል፣ ጣሪያውን ያጠቁራል፣ የቤት ውስጥ ተክል ያደርቃል። ብዙ ባለጸጎች ጋዙን በኮሪደርና በማድ ቤት አስገብተው በእንግዳ መቀበያቸው ሻማ ማብራታቸውን ቀጠሉ። ቴአትር ቤቶች ከ1817 ጀምሮ መድረካቸውን በጋዝ ሲያበሩ ትዕይንቱ አማረ፤ አደጋውም አብሮ ገባ። በዲሴምበር 1881 በቪየና የሪንግ ቴአትር በጋዝ መብራት የተነሣ እሳት ብዙ መቶ ሰው ፈጀ። በዚያው ዓመት የለንደኑ ሳቮይ ቴአትር በ1,200 ገደማ የስዋን አምፖሎች ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በራ። ሁለቱን ክስተቶች አንድ ዓመት ማገናኘቱ አጋጣሚ ቢሆንም፣ የአውሮፓ ቴአትሮች ወደ ኤሌክትሪክ ለምን እንደተጣደፉ ለመረዳት ይረዳል።

ድሃው ቤት ውስጥ ጋዝ እንዲገባ ያስቻለው ደግሞ አነስተኛ የክፍያ ብልሃት ነው። የሠራተኛ ቤተሰብ የቱቦውን ማስገቢያና የሦስት ወር ሂሳብ በአንድ ጊዜ መክፈል አይችልም ነበር። ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብሪታንያ የተስፋፋው ባለሳንቲም ቆጣሪ ይህን ፈታ፤ አንድ ፔኒ ሲጨመርበት የፔኒውን ያህል ጋዝ ይለቃል። ኩባንያዎች መብራቱንና የማብሰያ ምድጃውን ጭምር ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይተክሉ ጀመር። ጋዝ በለንደን የድሃ ሰፈሮች በብዛት የታየው መርዶክ ቤቱን ካበራ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ክፍያው ለኪስ ሲመች ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ከተሞች ካርድ እየተሞላ የሚሠራው ቆጣሪ ያንኑ አስተሳሰብ ይከተላል።

ቱቦ ያልደረሰው የገጠር ሰው በዚህ ጊዜ ምን ያበራ ነበር? በ1853 በዛሬዋ ዩክሬን፣ በልቪቭ ከተማ፣ የመድኃኒት ቀማሚው ኢግናሲ ዉካሼቪች ከድፍድፍ ዘይት ላምባ አጣርቶ የሚነድበትን ፋኖስ ሠራ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ የከተማዋ ሆስፒታል በዚህ ፋኖስ የሌሊት ቀዶ ሕክምና አደረገ። በ1859 በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓድ ሲቆፈር ላምባ ረከሰ። ላምባ ቱቦም ሽቦም አያስፈልገውም፤ በጣሳ ተጭኖ በበቅሎ ጀርባ የትም ይደርሳል። ኩራዝና ፋኖስ በኢትዮጵያ ገጠር ያን ያህል ሥር የሰደዱት በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪው በኩራዝ አጠና፣ ጭሱንም በየሌሊቱ ተነፈሰ።

ለአደባባይ የበዛ፣ ለቤት ያልተመጠነ

የኤሌክትሪክ ብርሃን መጀመሪያ የመጣው አርክ በሚባለው መብራት ነው። በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል ኤሌክትሪክ ሲዘል ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ይወጣል። ሃምፍሪ ዴቪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትልቅ ባትሪ አሳይቶት ነበር። ነገር ግን ርካሽ ዳይናሞ እስኪገኝ ድረስ የቤተ ሙከራ ትርኢት ሆኖ ቆየ። በ1878 ሩሲያዊው ፓቬል ያብሎችኮቭ የሠራው የአርክ “ሻማ” የፓሪስን የኦፔራ ጎዳናና የለንደንን የቴምዝ ዳርቻ አበራ። በኤፕሪል 1879 ቻርልስ ብረሽ የክሊቭላንድን አደባባይ በ12 አርኮች አበራ፤ በሚቀጥለው ዓመት የኢንዲያናዋ ዋባሽ በፍርድ ቤቷ ጣሪያ ላይ አራት መብራቶች ሰቀለች።

አንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች ከዚህም ርቀው ሄዱ። ዲትሮይትና ኦስቲን መብራቱን በረጃጅም የብረት ማማዎች ላይ ሰቅለው ሙሉ ሰፈርን ከላይ ለማብራት ሞከሩ። የኦስቲኖቹ ማማዎች 50 ሜትር ያህል ቁመት አላቸው፤ በ1890ዎቹ አጋማሽ ከተተከሉት ጥቂቶቹ እስካሁን ቆመዋል።

አፍሪካም ከዚህ ዘመን ውጭ አልነበረችም። የአልማዝ ከተማዋ ኪምበርሊ በ1882 መንገዶቿን በኤሌክትሪክ ስታበራ አብዛኛው የለንደን መንገድ ገና በጋዝ ነበር። ኪምበርሊን ያስቀደማት የአልማዙ ገንዘብ ነው።

አርክ ግን ለሳሎን አይሆንም። ብርሃኑ በዝቷል፣ ካርቦኑ ያልቃል፣ ይጮኻል። በቤት መጠን የሚመጠን ብርሃን ማግኘት የዘመኑ ትልቅ ጥያቄ ሆነ። በኒውካስል ጆሴፍ ስዋን፣ በሜንሎ ፓርክ ቶማስ ኤዲሰን አየሩ በወጣለት መስታወት ውስጥ የካርቦን ክር በማጋል በ1879 ጥያቄውን መለሱት። በ1880 የጦር መሣሪያ አምራቹ ዊልያም አርምስትሮንግ ክራግሳይድ የተባለውን ቤቱን ከግቢው ውሃ በሚመነጭ ኤሌክትሪክና በስዋን አምፖሎች አበራ። የራሱ ወንዝ ያለው ሰው መስመር አያሻውም።

ኤዲሰንን ከሌሎች የለየው ከአምፖሉ ይልቅ ስለ መዳብ ያደረገው ስሌት ነው። አምፖሉ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስብ ከሆነ ወፍራም የመዳብ ገመድ ይጠይቃል፤ በዚያ ዋጋ ከተማ ማብራት አይታሰብም። ስለዚህ ክሩ ቀጭንና ኤሌክትሪክን አጥብቆ የሚቋቋም እንዲሆን አደረገ፤ ገመዱም ቀጠነ። አምፖሉ የተነደፈው ከሽቦው ወጪ ተነሥቶ ነው። የክሩን አሠራር ካሻሻሉት መካከል ከባርነት ካመለጡ ወላጆች የተወለደው ሉዊስ ላቲመር ይገኝበታል፤ የካርቦን ክር አመራረት ፓተንቱ የጸደቀው በ1882 ነው።

በሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 የኒውዮርኩ የፐርል ስትሪት ጣቢያ በ400 ገደማ አምፖሎች ሥራ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች መካከል የባንክ ባለቤቱ ጄ. ፒ. ሞርጋን ቢሮና የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ነበሩ። ገመዱ ከመሬት በታች ቢቀበርም፣ በአንድ አቅጣጫ የሚፈሰው የኤዲሰን ኤሌክትሪክ ከጣቢያው ከአንድ ማይል ብዙም አይርቅም ነበር። የጆርጅ ዌስቲንግሃውስና የኒኮላ ቴስላ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመር ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ስለሚል ርቀትን አሸነፈ። በ1896 የናያጋራ ፏፏቴ ኃይል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቡፋሎ ከተማ ገባ።

አሮጌው ሲታደስ

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ጋዝ ወዲያው አልሞተም። ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አውር ፎን ቬልስባክ በብርቅዬ ማዕድናት የተነከረ ትንሽ የጨርቅ ቆብ በጋዝ ነበልባል ላይ ቢደፋ ጨርቁ ተቃጥሎ የሚቀረው ስስ መረብ እጅግ ደማቅ ብርሃን እንደሚሰጥ አገኘ። በ1891 ለገበያ የቀረበው የተሻሻለው ቆብ የጋዝን ብርሃን አብዝቶ ወጪውን ስለቀነሰ ጋዝ ከኤሌክትሪክ ጋር ለአሥርት ዓመታት ተፎካከረ። ያው ሰው የኤሌክትሪክ አምፖልን በብረት ክር ለመሥራትም ቀዳሚ ነበር። የተንግስተን ክር በ1910 ገደማ በዊልያም ኩሊጅ እጅ ተስቦ ሲቀጥን ነው ፉክክሩ ወደ ኤሌክትሪክ ያጋደለው። በርሊን ግን በ2010ዎቹ መጀመሪያ እንኳ ከ40,000 በላይ የጋዝ የመንገድ መብራቶች ነበሯት፤ ለንደንም የተወሰኑትን እንደ ቅርስ ጠብቃለች።

የተንግስተን አምፖል ሲስፋፋ አምራቾቹ ገበያውን ተከፋፈሉ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ኦስራም፣ ፊሊፕስና ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎች በጄኔቭ ፌቡስ የሚባል ማኅበር መሥርተው የአምፖልን ዕድሜ ወደ 1,000 ሰዓት ወሰኑ፤ ረጅም ዕድሜ ያለው አምፖል ያመረተ አባል ይቀጣ ነበር። ተጠቃሚው ቶሎ ቶሎ እንዲገዛ ተደረገ። የማኅበሩ ሰነድ ኋላ ላይ በብሪታንያና በአሜሪካ መንግሥታት ምርመራ ወጥቷል።

ሽቦው ያልደረሰበት ገጠር

ኤዲሰን ኒውዮርክን ካበራ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ከአሜሪካ አሥር የገበሬ ቤቶች ኤሌክትሪክ የነበረው አንዱ ብቻ ነበር። የግል ኩባንያዎች ለተራራቁ ቤቶች ምሰሶ መትከል አያዋጣንም አሉ። በ1935 ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቋሙ፤ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው በአነስተኛ ወለድ ተበድረው መስመሩን ራሳቸው ዘረጉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ መብራት የሌለው የአሜሪካ ገበሬ ጥቂት ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ የተለወጠው ቴክኖሎጂው አይደለም፤ ለመስመሩ ማን እንደሚከፍልና በምን ውል እንደሚከፍል ነው።

ከቤተ መንግሥት እስከ መንደር

በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የገባው በ1898 ገደማ ነው፤ ለዳግማዊ ምኒልክ የተበረከተ ጄኔሬተር ቤተ መንግሥቱን አበራ። አዲስ አበባ የከሰል ጋዝን ዘመን ሳታልፍበት ከጧፍ፣ ከኩራዝና ከፋኖስ በቀጥታ ወደ አምፖል ተሸጋገረች። በ1910ዎቹ መጀመሪያ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ ለትናንሽ ፋብሪካዎች ታስቦ ነበር፤ ኃይሉ ቀስ በቀስ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ወዳሉ ዋና ዋና መንገዶች ደረሰ። ቅደም ተከተሉ ከሳልፎርድና ከፓል ሞል ጋር አንድ ነው፤ በፊት የንጉሥ ግቢ፣ ፋብሪካና ትልቅ መንገድ፣ በስተኋላ መኖሪያ ቤት።

በ1956 ሕዝቡ ዛሬም መብራት ኃይል እያለ የሚጠራው መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ። በ1960 በጣልያን የጦር ካሳ የተሠራው 43 ሜጋ ዋት የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ጢስ ዓባይ፣ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ተከዜ፣ በለስ፣ የግቤ ግድቦች ተከተሉ። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ከቆቃ ከመቶ እጥፍ በላይ። ይህ የሕዝብ ቦንድና መዋጮ የታከለበት ሥራ ስለሆነ ኩራቱ የሁሉም ነው።

ሆኖም ከኢትዮጵያ ሕዝብ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው አሁንም ግማሽ ያህሉ ነው። ብዙ መንደሮች አጠገብ ከፍተኛ መስመር ያልፋል፤ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ስለሌለ ግን ቤቶቹ ጨለማ ውስጥ ናቸው። በ2017 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በ2019 ሲሻሻል በ2025 ለሁሉም ለማድረስ፣ ከዚህም 35 በመቶውን በፀሐይ ኃይልና ከዋናው መስመር ውጭ በሆኑ መንገዶች ለመሸፈን አቅዶ ነበር። ዕቅዱ አልሞላም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ 600 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያለ ኤሌክትሪክ ይኖራል።

የቅርቡ ቴክኖሎጂ ለእነዚህ ቤቶች የተሻለ ዕድል ይዟል። ጃፓናውያኑ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ፣ እንዲሁም በጃፓን የተወለደው ሹጂ ናካሙራ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት ሰማያዊ ኤልኢዲ ነጭ የኤልኢዲ መብራትን አስገኘ፤ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ኤልኢዲ እጅግ ጥቂት ኃይል ስለሚወስድ አንድ መጽሐፍ የሚያህል የፀሐይ ሰሌዳ ተማሪ ለሚያጠናበት መብራት ይበቃል። ላምባ ያለ ቱቦና ያለ ሽቦ ከየጎጆው እንደደረሰ ሁሉ የፀሐይ ፋኖስም ይደርሳል፤ ጭስ ግን የለውም። ቢሆንም ወፍጮ አያዞርም፣ ምጣድ አያግልም። ከ2024 ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎና ከፒያሳ አንስቶ የተተከሉት የኤልኢዲ የመንገድ መብራቶችም ሌላኛውን ጫፍ ያሳያሉ። ምሽት ከሥራ የምትመለስ ሴት በበራ መንገድ መሄዷ ትልቅ ነገር ነው፤ ያው ደኅንነት ለገጠር ከተሞችም ይገባል።

ስለዚህ ስለ ኤሌክትሪክ የሚወጡ ሪፖርቶች ከሜጋ ዋቱ ጎን ሦስት ነገሮችን በየወረዳው ቢይዙ መልካም ነው፤ ቆጣሪ የገባላቸው ቤቶች ብዛት፣ አንድ ቤተሰብ ለማስገቢያ የሚከፍለው ገንዘብ፣ በወር ውስጥ መብራት የጠፋበት ሰዓት። የለንደኑ ባለሳንቲም ቆጣሪና የአሜሪካ ገበሬዎች ማኅበር የተሳካላቸው የማስገቢያውን ወጪ በማቅለላቸው ነው። ያንኑ ወጪ በረጅም ጊዜ ክፍያ ማካፈል፣ የመንደር ማኅበራት ከማከፋፈያ ጣቢያ ወደ ቀበሌያቸው መስመር የሚስቡበትን ብድር ማመቻቸት፣ የፀሐይ መሣሪያን ከቀረጥ ማቅለል ሕዳሴ የሚያመነጨውን ኃይል ከጓሳ መንደሮች እስከ ቦረና ጎጆ የሚያደርሱ፣ አሁኑኑ ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው።